አንድ ኖታ፣ ብዙ ሸክላ

ሙዚቃን ከሸክላ መስማት የለመዱ ሰዎች ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ድርሰቱ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ነው። ድርሰቱ የታወቀ ነው፤ ኖታውም ታትሞ በየሙዚቃ ተማሪው እጅ ይገኛል። ክርክሩን የሚያስነሣው «የማን ቀረጻ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ የሚወደውን ሸክላ ከመደርደሪያው አውጥቶ መርፌውን ያሳርፍበታል፤ ሌላው የራሱን ያመጣል፤ ሦስተኛው «እናንተ ገና ምኑንም አልሰማችሁም» ብሎ ሁለቱንም ያጣጥላል። ነገሩ ከዳር ሆኖ ለሚመለከተው የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ንጽጽር በጥሞና ከተካሄደ የታሪክ ንባብ የመሆን ኃይል አለው። ለዚህም ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለአንድ ቼሎ ብቻ ከደረሳቸው ስድስት ስዊቶች የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቼሎ ለማሲንቆ የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ተቀምጠው በጉልበት መካከል አቁመው በደጋን የሚጫወቱት፣ አራት አውታር ያለው፣ ድምፁም ከጎልማሳ ሰው ድምፅ ጋር የሚቀራረብ መሣሪያ ነው። ስዊት የሚባለው ደግሞ በአንድ ቅኝት የተሳሰሩ የጭፈራ ዜማዎች ድርድር ነው። ባኽ እነዚህን ስዊቶች የደረሳቸው በ1720 ገደማ፣ በጀርመን አገር በኬተን ከተማ በአንድ መስፍን ቤት የሙዚቃ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። እያንዳንዱ ስዊት በመቅድም ይጀምርና አምስት ጭፈራዎችን ያስከትላል፤ በጠቅላላው 36 ክፍሎች ናቸው። በዚያ ዘመን የቼሎ ዋነኛ ተግባር የሌሎችን ዜማ ከሥር ደግፎ መያዝ ነበር። ባኽ ግን አጃቢውን ያለ አጃቢ ብቻውን አስቀመጠው። በአንዱ አውታር ላይ የተጀመረው ሐሳብ በሌላው አውታር ላይ መልስ ያገኛል፤ ያልተመታው ድምፅ በሰሚው ጆሮ ውስጥ ይሞላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚነጋገር ይመስላል።

ባኽ በገዛ እጁ የጻፈው የስዊቶቹ ኖታ ጠፍቷል። የቀሩት ሌሎች ሰዎች የገለበጧቸው ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ይበልጥ የሚታወቀው የሁለተኛ ሚስቱ የአና ማግዳሌና የእጅ ጽሑፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይ ድምፆቹ ሁሉ በሥርዓት ተቀምጠዋል። ነገር ግን ደጋኑ የት ላይ እንደሚመለስ የሚያመለክቱት ቅስቶች በችኮላ የተጣሉ ስለሆኑ ከየትኛው ድምፅ ጀምረው በየትኛው እንደሚያበቁ ብዙ ጊዜ አይለይም። ስለ ፍጥነትም ሆነ ስለ ድምፅ መላላትና መጉላት የተባለው ከምንም አይቆጠርም። የደጋን መመለስ ለቼሎ ተጫዋች ማለት ለተናጋሪ ትንፋሽ እንደ መውሰድ ነው፤ ቦታው ሲለወጥ የንግግሩ ትርጉም አብሮ ይለወጣል። ስለሆነም ተጫዋቹ ወደደም ጠላም ራሱ መወሰን አለበት። የአንዱ ቀረጻ ከሌላው ጋር መነጻጸር የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚነጻጸረው የጣት ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ነውና።

የዜማ ትምህርት ቤት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ የሚለየው የአዜያየም ስልት ትዝ ይለው ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም። የድጓው ተማሪ ምልክቱን የሚያነበው ከመምህሩ አፍ እየሰማ ነው፤ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። የባኽ ስዊቶች ግን ያለ መምህር የቀሩ ምልክቶች ነበሩ። በ1820ዎቹ በፓሪስ ከታተሙ በኋላ እንኳ ጣት ማፍታቻ ልምምድ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር እንጂ በአዳራሽ የሚሰሟቸው ጥቂቶች ነበሩ። ሮበርት ሹማንን የመሰለ ታላቅ ደራሲ በ1853 የፒያኖ አጃቢ ጽፎላቸዋል፤ ብቻቸውን መቆማቸው ለዘመኑ ጆሮ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ፓብሎ ካሳልስ ነው። ካሳልስ በ1876 በካታሎኒያ በኤል ቬንድሬል ከተማ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ተወለደ። በ1890፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር በባርሴሎና ወደብ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ የአሮጌ ኖታ መሸጫ ገብቶ የስድስቱን ስዊቶች ኅትመት አገኘ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ አንዱን ስዊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሕዝብ ፊት ለመጫወት ከመድፈሩ በፊት 12 ዓመት ያህል አጥንቷቸዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ተጫዋቾች አንድ ሁለቱን ጭፈራ እየነጠሉ ለማጣፈጫ ያህል ያቀርቧቸው ነበር፤ ካሳልስ ግን እያንዳንዱን ስዊት እንደ አንድ ሙሉ ድርሰት አቀረበው።

ለዚህ መጽሔት አንባብያን የዚህን ሰው ሌላ ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ካሳልስ በ1920 በባርሴሎና የራሱን ኦርኬስትራ አቋቁሞ ከኪሱ ጭምር እየደጎመ አቆመው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሠራተኞች የኮንሰርት ማኅበር እንዲመሠረት አደረገ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኞች በትንሽ መዋጮ አባል እየሆኑ፣ እሑድ ጠዋት ባለጸጎቹ በውድ ዋጋ የሚሰሙትን ያንኑ ኦርኬስትራ ለመስማት በቁ። ማኅበሩ ኋላ ላይ የራሱን መጽሔት እስከ ማሳተም ደርሷል።

አሁን ወደ ሸክላው እንለፍ። «ሸክላ» የሚለው ስም ራሱ የመጀመሪያውን ዕቃ የሚያስታውስ ነው። የጥንቱ ሸክላ የሚሠራው ላክ ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ ቅልቅል ስለ ነበር፣ ከእጅ ሲያመልጥ በእርግጥም እንደ ገል ይሰባበር ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በአንዱ ገጽ ላይ የሚይዘው ሙዚቃ ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ቀረጻው የሚካሄደው በሰም ገበታ ላይ ሲሆን፣ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከጀመረ በኋላ ስሕተቱን ቆርጦ የሚጥልበት ዘዴ አልነበረም። የወጣው ሁሉ ይወጣል፤ ያለበለዚያ ገጹ እንደ አዲስ ይጀመራል። የባኽ ጭፈራዎች አጫጭር መሆናቸው ለዚህ ጠባብ ገጽ የታሰቡ ያህል አመቺ ሆነው ተገኝተዋል። ሲንፎኒ የሚሰማ ሰው ግን በዜማው መካከል እየተነሣ ሸክላ መገልበጥ ግዴታው ነበር።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የዓለም ኢኮኖሚ በደቀቀበት በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ሙሉ ስብስብ የሚጠይቅ ሥራን አስቀርጾ ለገበያ ማውጣት ኪሣራ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። «ሂዝ ማስተርስ ቮይስ» የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1931 ጀምሮ የተከተለው መላ የሚያስደንቅ ነው። ሙዚቃ ወዳዶች አስቀድመው ተመዝግበው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በቂ ሰው ሲገኝ ቀረጻው ይካሄዳል፤ ሸክላው ለአባላቱ ይላካል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዎቹ የሁጎ ቮልፍ ዜማዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ አርቱር ሽናበል የቤትሆቨንን 32 የፒያኖ ሶናታዎች ቀረጸ። የካሳልስ ባኽም ለሕዝብ የደረሰው በዚሁ የማኅበር ሥርዓት ነው። እንግዲህ ዛሬ እንደ ሐውልት የምንቆጥራቸው እነዚህ ሥራዎች ከመጀመሪያውም የቆሙት በአድማጮች መዋጮ ነበር ማለት ነው። በ1923 ኮምፕተን ማኬንዚ በለንደን «ግራሞፎን» የተባለውን መጽሔት ካቋቋመ ወዲህም የአንዱን ሸክላ ከሌላው ማመዛዘን ራሱን የቻለ የሒስ ዘርፍ ሆኖ ነበር። በየከተማው የነበሩት የአድማጮች ክበቦች አንድ ማጫወቻ ዙሪያ ተቀምጠው ያላቸውን ሸክላ ይዋዋሱ ነበር።

ካሳልስ ስድስቱን ስዊቶች የቀረጸው በሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱም ጊዜያት የስፔን ጦርነት ዓመታት ናቸው። በጁላይ 18 ቀን 1936 ምሽት ካሳልስ በባርሴሎና የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲንፎኒ በማለማመድ ላይ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሊጀመር ሲል መልእክተኛ ገብቶ የጦር መኮንኖች ማመፃቸውን፣ አዳራሹም ባስቸኳይ እንዲለቀቅ መታዘዙን አስታወቀ። ካሳልስ ሙዚቀኞቹንና ዘማሪዎቹን ምን ይሻላል ብሎ ቢጠይቃቸው ሳይበተኑ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ሰሚ አልነበራቸውም። ከአራት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 1936፣ ካሳልስ በለንደን በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስዊት ቀረጸ።

1936 ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት በሜይ 5 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱን ጉዳዮች የሚያገናኛቸው የዓመተ ምሕረት መገጣጠም ብቻ አይደለም። በአገራችን ሰማይ ላይ ቦምብና መርዝ ሲያዘንብ የቆየው መንግሥት ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወታደሩንና አውሮፕላኑን ለፍራንኮ ላከ። በማርች 16፣ 17 እና 18 ቀን 1938 ከማዮርካ ደሴት የተነሡ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ባርሴሎናን ቀንና ሌሊት ደብድበው ወደ 1,000 የሚሆን ሕዝብ ፈጁ። ካሳልስ አንደኛውንና ስድስተኛውን ስዊት በፓሪስ የቀረጸው ከዚህ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጁን 1938 ነው። በጃንዩዌሪ 26 ቀን 1939 ባርሴሎና በፍራንኮ ጦር እጅ ወደቀች። አራተኛውና አምስተኛው ስዊት፣ አሁንም በፓሪስ፣ የተቀረጹት በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው። ካሳልስ በዚያን ጊዜ ስደተኛ ሆኖ በደቡብ ፈረንሳይ ፕራድ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር፤ በየካምፑ ለታጎሩት ወገኖቹም ርዳታ ለማሰባሰብ ይሯሯጥ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰሚ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በእያንዳንዱ ድምፅ ውስጥ ጦርነቱን መስማት ይፈልጋል። ግን ሸክላው እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። ከባርሴሎና መደብደብ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የተቀረጸው የመጀመሪያው ስዊት መቅድም ከስድስቱ ሁሉ ብሩህ ነው፤ ካሳልስ ዜማውን እንደ ምንጭ ውኃ ያፈሰዋል፣ የትም ላይ አያለቅስም። ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት የተቀረጸው የሦስተኛው ስዊት የመጨረሻ ጭፈራም ገበሬ በአውድማ ላይ እግሩን የሚመታ ይመስላል። ይህ ሊያስገርመን አይገባም፤ የጥበብ ሰው ሐዘኑን በያዘበት ቀን ሁሉ ሐዘን አያዜምም። ታሪክ በሸክላው ውስጥ የሚገኘው ከስሜቱ ይልቅ በሥራው ጥድፊያ ውስጥ ነው ብል ይሻላል። 46 ዓመት ያህል በእጁ የነበረውን ኖታ ሲያስቀርጽ፣ ከነገ በኋላ ዕድል የሚያገኝ እንደማይመስለው ሰው ይጫወታል። የግራ እጁ ጣቶች አውታሩን አልፈው እንጨቱን ሲመቱ ይሰማል፤ ደጋኑ ይቧጭራል፤ ድምፅ አንዳንዴ ከቦታው ከፍ ይላል። አንዱንም አላስቀረውም።

አምስተኛው ስዊት ግን የተለየ ነው። በዚህ ስዊት ውስጥ ሳራባንድ የሚባለው ዝግተኛ ጭፈራ በስድስቱ ውስጥ ካሉት ሳራባንዶች ሁሉ የተራቆተው ነው፤ ባኽ አንድም ጊዜ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ አላስቀመጠም። ብቸኛ ድምፅ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል። ካሳልስ በጁን 1939 ይህን ሲጫወት ድምፁን አያሳምረውም። በበገና የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ካሳልስ ስድስቱን ስዊቶች በሙሉ ዳግመኛ አልቀረጻቸውም። ከ1945 በኋላ የተባበሩት ኃያላን ፍራንኮን በሥልጣኑ ላይ እንደተወት ሲያይ በየአዳራሹ መጫወቱን አቆመ። በ1950 ባኽ የሞተበት 200ኛ ዓመት ሲከበር ወደ ዓለም አልወጣም፤ ዓለም ወደ ፕራድ መጣለት። በ1973 በፖርቶ ሪኮ ዐረፈ።

በዚህ መካከል የቀረጻ ጥበብ ተለውጧል። በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ ያወጣው ሎንግ ፕሌይ ሸክላ በአንዱ ገጽ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ አንድ ስዊት ሳይቆራረጥ መስማት ተቻለ፤ ማግኔታዊው ቴፕም ስሕተትን በመቀስ ቆርጦ የተሻለውን ለመቀጠል አበቃ። ፈረንሳዊው ፒየር ፉርኒየ በ1960 መጨረሻ በሐኖቨር የቀረጸው የዚህ የአዲሱ ዘመን ልጅ ነው። ፉርኒየ በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ እግሩ በመጎዳቱ ከፒያኖ ወደ ቼሎ የዞረ ሰው ነው። ጨዋታው ልዝብ፣ መስመሩ ረዥም፣ ልብሱ ያልተጨማደደ ነው። የካሳልስን ሸክላ አስቀድሞ የለመደ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ይህ ሰው ላብ የለውም እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን በእርሱ አልስማማም። በፉርኒየ እጅ ጭፈራዎቹ ዕድሜያቸው ይታወቃል፤ አላማንዱ ከኩራንቱ፣ ሚኑዌቱ ከጊጉ በአረማመዱ ይለያል። ካሳልስ አንዳንዴ ሁሉንም በራሱ ቁጣ ያስጨፍራቸዋል።

ያኖሽ ሽታርከር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ1924 በቡዳፔስት ከአይሁዳዊ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ሁለት ወንድሞቹን ናዚዎች ገድለውበታል፤ እርሱ ራሱ ከጉልበት ሥራ ካምፕ የተረፈ ነው። ስዊቶቹን በዕድሜው ደጋግሞ ቀርጿቸዋል። በ1963 እና በ1965 ለመርኩሪ ኩባንያ የሠራው ከሁሉ የታወቀው ነው። እንዲህ ያለ ሕይወት ካሳለፈ ሰው የሚጠበቀው እንባ ይሆናል፤ የሚገኘው ግን ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ተመዝኖ ይቀመጣል፣ ምቱ አይናወጥም፣ አላስፈላጊ የድምፅ መርገብገብ የለም። መጀመሪያ ስሰማው ደረቅ መስሎኝ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ የምሰማው መደንገጥን እምቢ ያለ ሰው ነው። ካሳልስና ሽታርከር ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ጠላት የሸሹ ናቸው፤ የአንዱ መልስ መጮኽ፣ የሌላው መልስ ሥርዓት ሆነ። የሁለቱን የሁለተኛ ስዊት ሳራባንድ ተከታትሎ መስማት ይህን ከማንኛውም ትችት በላይ ያስረዳል።

ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ስድስቱን በሙሉ ለመቅረጽ እስከ 1991 ድረስ ቆየ። ከሶቪየት ኅብረት በ1974 ወጥቶ፣ በ1978 ዜግነቱን ተነጥቆ፣ በኖቬምበር 11 ቀን 1989 በበርሊን ግንብ ሥር ወንበር ተውሶ ባኽን የተጫወተው ይህ ሰው፣ ለቀረጻው የመረጠው በፈረንሳይ ቬዝሌ የሚገኘውን ጥንታዊ ገዳም ነው። ድምፁ በድንጋዩ ውስጥ ይዞራል። ግርማ አለው፤ ነገር ግን ባኽ ለጓዳ የጻፈውን ለአደባባይ ያወጣው ይመስለኛል። በግንቡ ሥር በቴሌቪዥን የታየው፣ በብርድ ውስጥ የተጫወተው ጥቂት ደቂቃ ለእኔ ከዚህ ታላቅ ስብስብ ይበልጥብኛል።

ሆላንዳዊው አነር ባይልስማ በ1979 ያደረገው ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ቼሎውን ወደ ባኽ ዘመን መልሶ፣ በብረት አውታር ፈንታ የአንጀት ጅማት ወጥሮ፣ መሬት የሚነካውን ሹል እግር አውጥቶ በባቶቹ መካከል አንጠልጥሎ ተጫወተ። ድምፁ ያነሰ፣ ቶሎ የሚጀምርና ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ከዜማ ይልቅ ወደ ንግግር ይቀርባል። ባይልስማ የአና ማግዳሌናን ቅስቶች እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ምስክር ቆጥሮ ሲያጠናቸው ኖሯል። ካሳልስ የጠፋውን መምህር በራሱ ስሜት ተካው፤ ባይልስማ በጽሑፍና በመሣሪያ ፈለገው። የትኛው ትክክል ነው ለሚለው ጥያቄ ኖታው መልስ የለውም። ይሁንና ከባይልስማ በኋላ ማንም ቼሎ ተጫዋች ካሳልስን ብቻ ይዞ ሊሄድ አልቻለም፤ ይህ በራሱ የታሪክ ፍርድ ነው።

እዚህ ላይ የካሳልስ ሸክላ ለረጅም ጊዜ ያሳደረውን ጫና ማንሣት ተገቢ ነው። ለ20 እና ለ30 ዓመታት በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ «ካሳልስ እንዲህ ነው የተጫወተው» ማለት ክርክር የሚዘጋ ቃል ነበር። ሸክላ ከድምፅ ጋር እስትንፋስንና የአንድ ቀን ድካምን ጭምር ስለሚይዝ፣ ያ የአንድ ቀን ድካም እንደ ሕግ ይጠና ጀመር። ተማሪዎች በ1936 በአንዲት ጠዋት የሆነውን የደጋን መንሸራተት ሳይቀር ይኮርጁ ነበር። ለዚህ በሽታ ከንጽጽር የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ለተማሪ አንድ ሸክላ ብቻ የሚያሰማ መምህር አምላኪ ያፈራል፤ ሁለት የሚያሰማ ግን ጠያቂ ያገኛል።

ንጽጽሩ የማይመልሰውም ጥያቄ አለ። ካሳልስ ከፒያኖ ተጫዋቹ ከአልፍሬድ ኮርቶና ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከዣክ ቲቦ ጋር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያቋቋመው ሦስትዮሽ በ1926 የሹበርትን ትሪዮ ቀርጿል። እንደዚያ ሦስት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ የሚተነፍሱበት ሸክላ ጥቂት ነው። ከ14 ዓመት በኋላ ፈረንሳይ በናዚዎች እጅ ስትወድቅ ኮርቶ የቪሺ መንግሥት የኪነ ጥበብ ሹም ሆነ፤ በ1942 በጀርመን አገር ተጫወተ። ካሳልስ በፕራድ ጨለማ ውስጥ ለናዚዎች አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ። ከጦርነቱ በኋላ ኮርቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ፕራድ ድረስ ሄዷል። በ1958 ሁለቱ አዛውንት በዚያው በፕራድ እንደገና አብረው ተጫወቱ። በ1926ቱ ሸክላ ውስጥ ነገ ማን ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት አንድ ድምፅ ብንፈልግ አናገኝም። እኔ ፈልጌያለሁ። ፒያኖው ከቼሎው ባላነሰ ውብ ነው፤ ውበቱም ኮርቶን ከመሾም አላገደውም፣ ካሳልስንም ይቅር ከማለት አላገደውም።

ከሕያዋን ተጫዋቾች መካከል ዮ-ዮ ማ ስዊቶቹን ሦስት ጊዜ ለሕዝብ አቅርቧል፦ በ1983፣ በ1997 እና በ2018። አንድን ሰው ከራሱ ጋር ማነጻጸር የሚቻልበት ይህ አጋጣሚ ደስ ያሰኛል። የመጀመሪያው የጎበዝ ወጣት ሥራ ነው፤ የመጨረሻው የሚያሳየው ለማስደነቅ መጨነቅ ያቆመ ሰው ነው። ከ2018 ጀምሮ ስድስቱን ስዊቶች በስድስት አህጉራት በ36 ቦታዎች፣ በክፍሎቹ ቁጥር ልክ፣ እየተዘዋወረ ለመጫወት ተነሣ። በኤፕሪል 2019 በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ የመጀመሪያውን ስዊት መቅድም ማሰማቱ የካሳልስን ዱካ የተከተለ ነው።

አዲስ ለሚጀምር ሰሚ በየትኛው እንጀምር የሚል ጥያቄ ሲቀርብልኝ በስድስተኛው ስዊት ጀምር እላለሁ። ይህ ስዊት የተጻፈው አምስት አውታር ላለው መሣሪያ ነው። ባይልስማ በ1979 የተጫወተው አምስት አውታር ባላት ትንሽ ቼሎ ስለሆነ ከፍተኛዎቹ ድምፆች ያለ ጭንቀት ይወጣሉ፤ መቅድሙ እንደ ደወል ይጠራል። ካሳልስ በጁን 1938 በተለመደው ባለ አራት አውታር ቼሎ ያንኑ ሲጫወት አምስተኛው አውታር የለውምና፣ በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ግራ እጁ ወደ አውታሩ ጫፍ ሲወጣ ይሰማል፤ አንዳንዱን ድምፅ ልክ ላይ ያርፍበታል፣ አንዳንዱን በትንሹ ይስተዋል፣ ሳይቆም ወደሚቀጥለው ይሻገራል።